«ፕላኔ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው» ብለሽ ጽፈሻል፣ ግን ማን ነው የሚከፍለው?

ጥያቄውን አሳጥሬ ሳቀርበው፦ «የከተማ ፕላን 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ማህበራዊ ኢ-እኩልነት፣ ስልጣን እና ማንነት የሚባል ኮርስ አለን፣ እውነቱን ለመናገር ከስራችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ስቱዲዮ (የንድፍ ስራ ክፍላችን) ላይ የአንድ ወንዝ ዳር ሰፈር እድሳት እየሰራሁ ነው፣ ፓርክ፣ የእግረኛ መንገድ እና የአውቶቡስ ፌርማታ አለው። የነዋሪውን አማካይ ገቢ አስገብቻለሁ፣ ስብሰባ ተደርጎ አብዛኛው ሰው ደግፏል፣ ፕላኑ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። መምህሬ ግን ረቂቁ ላይ ‹ስልጣን የት አለ?› ብሎ ብቻ መለሰልኝ። ፕላነር እኮ ቴክኒካል ሰው ነው እንጂ ፖለቲከኛ አይደለም። ዋናው ችግር ድህነት ከሆነስ ጾታ፣ ዘር፣ አካል ጉዳት እያሉ ሰውን መከፋፈሉ ምን ይጠቅማል? ምን ብዬ ልጻፍ?»

መምህርሽ ልክ ነው። ትንሽ ቢያብራራልሽ ጥሩ ነበር ግን ልክ ነው።

ቴክኒካል ነው ከሚለው ልጀምር፣ ሌላው ስህተት ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። የፍሳሽ ቁልቁለት ማስላት የማንም ፓርቲ ስራ አይደለም፣ እሱ ላይ አንጣላም። ግን ፕላን ማለት በመጨረሻ ውስን መሬት ላይ ይሄ እዚህ ይሁን ያኛው እዚያ ይሁን ማለት ነው፣ ስለዚህ አንዱ የሚያገኘው ሌላው የሚያጣው ነገር ይኖራል፣ ማን ያግኝ ማን ይጣ የሚለውን ደሞ ሶፍትዌር አይመልስልሽም። አንቺ ስላልመለስሽው ጥያቄው ክፍት ሆኖ አይቀመጥም፣ ቀድሞ ጉልበት ያለው ሰው ይመልሰዋል። ገለልተኛ ነኝ የሚል ፕላነር ብዙ ጊዜ የሚሰራው ስራ ይሄ ነው፣ የነበረውን አሰላለፍ እንዳለ ወደ ካርታ መገልበጥ።

ማስረጃ ካልሽ የዞኒንግን፣ ማለትም የትኛው መሬት ላይ ምን መሰራት እንደሚችል በደንብ የመከፋፈልን፣ ታሪክ እይ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። በ1910 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ጥቁሮች ነጮች ወደሚበዙበት ብሎክ፣ ነጮችም ጥቁሮች ወደሚበዙበት ብሎክ እንዳይገቡ የሚከለክል ደንብ አወጣች፣ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። በ1917 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሉዊቪል ከተማ በመጣ ክስ ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ከህገ መንግስቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። በቃ ተፈታ ትያለሽ፣ አልተፈታም። በ1926 ያው ፍርድ ቤት ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ መንደር ጉዳይ ዞኒንግን በጥቅሉ አጸደቀ፣ ውሳኔው ውስጥም በነጠላ ቤቶች መሀል የሚገባን አፓርታማ ሰፈሩን የሚመጥ ጥገኛ አድርጎ ነው የገለጸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞች ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል ሳይጽፉ፣ የአንድ ቦታ ዝቅተኛ ስፋት ይሄን ያህል፣ በአንድ ቦታ አንድ ቤት ብቻ፣ አፓርታማ ክልክል እያሉ ገንዘብ የሌለውን ሰው በሙሉ ደጅ ማስቀረት ቻሉ፣ ገንዘብ እንዳይኖረው የተደረገው ማን እንደነበር ደሞ ማንም ያውቃል። እስቲ «የቦታ ዝቅተኛ ስፋት» ከሚለው በላይ ቴክኒካል የሚመስል ነገር ጥሪልኝ። ቁጥር ነው እኮ፣ አንቺ ስቱዲዮ ላይ በየቀኑ የምትሞዪው አይነት ቁጥር።

ከዚያ በ1930ዎቹ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የሚባል የፌዴራል መስሪያ ቤት ሰፈሮችን ለአበዳሪ ባላቸው ስጋት ከአረንጓዴ እስከ ቀይ በአራት ደረጃ ከፋፍሎ ካርታ ሰራ፣ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ባብዛኛው ቀዩ ውስጥ ነበር። ብድር በመከልከሉ ውስጥ የዚህ ካርታ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው የታሪክ ሰዎችን አሁንም ያከራክራል፣ ምክንያቱም ብድር ዋስትና የሚሰጠው ሌላኛው መስሪያ ቤት የራሱ አድሏዊ መመሪያ ነበረው። በቤት ጉዳይ አድልዎ በፌዴራል ህግ የተከለከለው በ1968 ነው፣ እስከዛ ግን ቤት ገዝቶ ለልጁ ጥሪት መተው ያልቻለ አንድ ሙሉ ትውልድ አልፏል። ዛሬ እነዚያ ቀይ ሰፈሮች በአማካይ ዛፍ የሚያንሳቸው፣ በበጋም የበለጠ የሚሞቁ ሆነው ይገኛሉ። ይሄን የምነግርሽ አንቺም ፓርክ ስለምትሰሪ ነው፣ ሰፈርሽ ለምን ዛፍ እንደሌለው ሳትጠይቂ «የአረንጓዴ ሽፋን ዝቅተኛ ነው» ብለሽ ብቻ ካለፍሽ፣ የሰው ውሳኔ የነበረውን ነገር እንደ አየር ንብረት አድርገሽ ጻፍሽው ማለት ነው።

አሁን ወደ አማካይ ገቢው። ድህነት እና ኢ-እኩልነት አንድ አይደሉም፣ ጥያቄሽ ውስጥ ግን ተደበላልቀዋል። ድህነት ሲባል አንድ ቤተሰብ ያለው ነገር ለኑሮው አይበቃውም ነው። ኢ-እኩልነት ግን በሰዎች መካከል ያለ ዝምድና ነው፣ የአንዱ ማግኘት ከሌላው ማጣት ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ ድሃ ያልሆነ ሰፈር ውስጥም ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። አማካይ ደሞ ይሄን ዝምድና ለመደበቅ የተሰራ ይመስላል። አስር ቤተሰብ አለ እንበል፣ ዘጠኙ 10 10 ያገኛሉ፣ አንዱ 110 ያገኛል፣ አማካዩ 20 ይወጣል፣ 20 የሚያገኝ ሰው ግን አንድም የለም። አንቺ ፓርኩ ዳር ያለውን ሱቅ፣ ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን ለ20 ሰው አስበሽ ከሰራሽ ፕላንሽ ለሌለ ሰው ነው የተሰራው። ቢያንስ ሚዲያኑን (ሰው ሁሉ በገቢው ሲሰለፍ መሀል ላይ ያለውን ሰው ገቢ) አስገቢ፣ ከሱም በላይ ስርጭቱን አሳዪ፣ ወሰኑን የት ላይ እንዳሰመርሽም ተናገሪ ምክንያቱም የሰፈሩን ወሰን ሁለት ብሎክ ወደ ላይ ብትስቢው ቁጥሩ ሁሉ ይቀየራል።

ገቢም ቢሆን ሙሉውን አይነግርሽም፣ የኔን ምክር ከሰማሽ ከገቢ በፊት ይዞታ ነው የምትጠይቂው። ሁለት ጎረቤታሞች አስቢ፣ ገቢያቸው እኩል ነው፣ አንደኛው የቤቱ ባለቤት ነው ሁለተኛው ተከራይ ነው። ወንዙ ጸዳ፣ ፓርክ ሆነ፣ ፌርማታ መጣ። የቦታ ዋጋ ይጨምራል፣ ይሄ ከተማ ውስጥ ጥሩ ነገር ሲሰራ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፣ እና ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሀብታም ይሆናል፣ ተከራዩ ደሞ ኪራይ ተጨምሮበት በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ዓመት ይወጣል። ያው አንድ ፓርክ ነው። ንድፉም ያው ነው፣ አግዳሚ ወንበሩም ያው ነው። በሩ ላይ «ለሁሉም ክፍት» ተብሎ ተጽፏል፣ እሱም እውነት ነው፣ ግን ተከራዩ አሁን የሚኖረው ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ በሚመጣበት ቦታ ነው። አንቺ ጥቅም ብለሽ የጻፍሽው ለግማሹ ሰፈር የመልቀቂያ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ ረቂቅሽ ውስጥ ግን ተከራይ የሚለው ቃል አንድም ቦታ ከሌለ (ካልነገርሽኝ የለም ብዬ ነው የማስበው) ይሄ አይታይም። በመሀል ደሞ ተከራይም ባለቤትም ያልሆነ አለ፣ ወረቀት የሌለው፣ በዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ወንዙ ዳር ቀን ቀን የሚነግድ ማታ ሌላ ቦታ የሚያድር። የነዋሪ ሰርቬይ እነዚህን አይቆጥራቸውም።

«ዋናው ድህነት ከሆነ መከፋፈሉ ምን ይጠቅማል» ያልሽው ብዙ ተማሪ የሚለው ነው፣ ግማሽ እውነትም አለው። ማንነትን ብቻ እያወሩ ገንዘብና መሬትን የሚረሱ ፕላኖች አሉ፣ ግድግዳ ላይ ስዕል ይሳላል፣ የባህል አደባባይ ይሰየማል፣ ኪራዩን ግን ማንም አይነካውም። ግን መልሱ ማንነትን መተው አይደለም። ማንነት ከመደብ ውጪ የተቀመጠ ሌላ ሳጥን አይደለም፣ መደብ በሰው ላይ የሚደርስበት መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ የሚባለውን የመኪና ኩባንያ የከሰሱ አምስት ጥቁር ሴቶች ነበሩ፣ ፍርዱ የወጣው በ1976 ነው። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበር፣ በኋላ ቅነሳ ሲመጣ በመጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ ተባለ፣ ስለዚህ ከ1970 በኋላ የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች በሙሉ ወጡ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ ኩባንያው ሴት ቀጥሯል ስለዚህ በጾታ አላደላም (ሴቶቹ ነጭ ነበሩ)፣ የዘሩን ጉዳይ ደሞ ጥቁሮቹ ካነሱት ሌላ ክስ ጋር አጣምሩት፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መክሰስ ግን አይቻልም አለ። የህግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾው በ1989 የመጠላለፍ (ኢንተርሴክሽናሊቲ) ሀሳቧን ስትጽፍ አንዱ መነሻዋ ይሄ ፍርድ ነበር። ኮርሱ ላይ ይሄን ሀሳብ አንድ ሰው ላይ የተደረደሩ የችግሮች ዝርዝር አድርገው አስተምረውሽ ከሆነ ተሳስተዋል፣ ነጥቡ ሁለት ሰንጠረዥ ለየብቻ ሲታይ ንጹህ የሚመስል ነገር መገናኛው ላይ ሰው ሊጥል ይችላል ነው። አንቺም በጾታ አንድ ግራፍ፣ በገቢ ሌላ ግራፍ ሰርተሽ ከሆነ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ተከራይ ሁለቱም ላይ ጠፍታለች።

ከንድፍ ጋር ምን አገናኘው ካልሽ የቪየና ፓርኮች አሉልሽ። በ1990ዎቹ እዛ የተደረገ ጥናት ልጃገረዶች ከዘጠኝ አስር ዓመታቸው በኋላ ከሰፈር ፓርክ እየጠፉ እንደሚሄዱ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቆዩ አሳየ። ማንም አልከለከላቸውም፣ በሩ ክፍት ነው። ቦታው ግን ባብዛኛው አንድ ትልቅ ሜዳ ነበር፣ አንድ ትልቅ ሜዳ ደሞ በግፊያ ጉልበት ያለው የሚይዘው ነው። በ1999 ሁለት ፓርኮች ላይ ሜዳው ወደ ትናንሽ ቦታዎች ተከፋፈለ፣ መተላለፊያ መንገዶች ተጨመሩ፣ ከኳስ ሌላ የሚሰሩበት ነገር ተሰራ፣ ልጃገረዶቹም ተመለሱ። የተደረገው ነገር ርካሽ ነው ማለት ይቻላል። ያልነበረው ጥያቄው ነው። የእግረኛ መንገድሽንና ፌርማታሽንም በዚሁ አይን እያቸው፣ የትራንስፖርት ሰርቬይ ብዙ ጊዜ ጠዋት ከቤት ወደ ስራ ማታ ከስራ ወደ ቤት የሚሄድን ሰው ነው የሚቆጥረው፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ገበያ ገብቶ፣ የታመመ ጠይቆ ወደ ስራ የሚሄድ ሰው ግን ጉዞው አጫጭርና የተቆራረጠ ስለሆነ ቁጥሩ ውስጥ ይበተናል፣ ይሄን የሚያደርጉት ደሞ ባብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ጉዳይ ከዚህም ያጠረ ነው፣ ከፌርማታው እስከ ፓርኩ ድረስ አንድ ደረጃ ካለ ፓርኩ የለም።

ግን ማንነት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ጠንከር ያለ። ፎርም ላይ የምታስገቢው ምድብ የነበረን ነገር ብቻ አይመዘግብም፣ ይፈጥራልም። ደቡብ አፍሪካ በ1950 ሁለት ህጎች አወጣች፣ አንደኛው እያንዳንዱን ሰው በዘር መድቦ መዘገበ፣ ሁለተኛው የተመደበው ሰው የት እንደሚኖር ወሰነ፣ ያለ መጀመሪያው ፎርም ሁለተኛው ካርታ አይሰራም ነበር። ኬፕታውን ውስጥ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባለው ድብልቅ ሰፈር በ1966 ለነጮች ብቻ ተብሎ ታወጀና ከ60,000 በላይ ሰው ተነሳ። ህጎቹ የተሰረዙት በ1991 ነው፣ የከተማው ቅርጽ ግን ህግ ሲሰረዝ አብሮ አይሰረዝም። ካርታውን የሰሩት እንደኔና እንዳንቺ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ሰውን ስትመድቢ ለምን እንደምትመድቢ፣ ምድቡን ማን እንዳወጣው፣ ሰውየው ራሱን እንደዛ ይጠራ እንደሆነ ጠይቂ፣ «የእነሱ ማህበረሰብ ተወካይ» ተብሎ የቀረበልሽን አንድ ሽማግሌ ደሞ የሁሉም አፍ አድርገሽ አትውሰጂ፣ በአንድ ማህበረሰብ ውስጥም ባለቤትና ተከራይ፣ ወንድና ሴት፣ ጌታና ሎሌ አለ።

መምህርሽ የጠየቀው ስልጣን ጋ ደረስን። «ስብሰባ ተደርጎ አብዛኛው ደግፏል»። መቼ ነው የተደረገው? በስራ ሰዓት ከሆነ የቀን ሰራተኛው የለም። በየትኛው ቋንቋ? ማን ጠራው? ተከራይ ባለቤቱ ባለበት አዳራሽ እጁን አውጥቶ ኪራይ ያሳስበኛል ይላል ብለሽ ታስቢያለሽ? ከብት ካለው አፍ ያለው ያግባሽ እንደሚባለው ስብሰባ ላይ መናገር የለመደ ሰው ያሸንፋል፣ መናገር የለመደው ደሞ ብዙውን ጊዜ የተማረው፣ ወንዱ፣ ሰፈሩ ውስጥ የቆየው ነው። ግን ይሄ ሁሉ የላይኛው ንብርብር ብቻ ነው። ስልጣን በሶስት ቦታ ይታያል ብለሽ ያዢው። አንደኛው ሁለት ሰው ተከራክሮ ማን እንደረታ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው የትኛው ጉዳይ ወደ ስብሰባው እንዳይመጣ እንደተደረገ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገኝም፣ አጀንዳውን ያዘጋጀውን ሰው ነው የምትጠይቂው። ፓርኩ ሰማያዊ ወንበር ይኑረው ወይስ አረንጓዴ ተብሎ ሰው ተጠይቆ፣ ፓርክ ይሁን ወይስ የፍሳሽ መስመር ይቅደም ግን ካልተጠየቀ ትልቁ ውሳኔ ከስብሰባው በፊት አልቋል። ሶስተኛው ሰው የሚገባውን ነገር መጠየቅ እንደሚችል እንኳ እንዳያስብ መሆኑ ነው፣ እኛ እኮ ሁሌም እንዲህ ነን ብሎ መቅረቱ። ዝምታን ድጋፍ ብለሽ ስትቆጥሪ ሶስተኛው ነው የሚያታልልሽ።

የተሳትፎ መሰላል የሚባለውን ሳትሰሚ አልቀረሽም፣ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ያወጣችው፣ ስምንት ደረጃ አለው። ከታች ማታለል ነው፣ ከላይ ነዋሪው ራሱ መወሰኑ ነው፣ ማማከር አራተኛው ላይ ነው ያለው፣ እሱም ለይስሙላ ከሚባለው ክፍል ውስጥ። የስልጣን መጋራት የሚጀምረው ስድስተኛው ላይ ነው። ያንቺ ስብሰባ ሶስት ወይ አራት ላይ ነው፣ ይሄ ነውር የለውም፣ ነውሩ አራት ላይ ሆኖ ስምንት ላይ ያለ ማስመሰሉ ነው። ስድስት ሲደረስ ምን ይመስላል ካልሽ የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 የጀመረችው አሳታፊ በጀት አለ። ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ የኢንቨስትመንት በጀቱ ምን ላይ ይዋል የሚለውን ያስቀድማል፣ ድልድሉ ደሞ በጭብጨባ አይደለም፣ ውሃና ፍሳሽ መስመር ምናምን በብዛት የሚጎድለው ሰፈር የበለጠ ነጥብ የሚያገኝበት ቀመር ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ከስብሰባው ይልቅ ቀመሩ ነው። ሰው የሚያወራው ግን ስለ ስብሰባው ብቻ ነው። የጀመረው ፓርቲ በ2004ቱ ምርጫ ከንቲባነቱን ካጣ በኋላ አሰራሩ እየተዳከመ ሄደ፣ ስለዚህ ይሄም በህግ ካልታሰረ በመንግስት በጎ ፈቃድ የሚኖር ነገር ነው።

እሺ ታዲያ አማራጩ ምንድነው? ላንቺ ፕሮጀክት ቅርብ የሆነው የሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ጉዳይ ነው። ካኞ ማርቲን ፔኛ የሚባል የተደፈነና የቆሸሸ የውሃ መስመር አለ፣ ዳሩ ላይ ያሉት ሰፈሮች ድሆች ናቸው፣ ብዙዎቹ የያዙት መሬት ባለቤትነት አልነበራቸውም። መስመሩ ይጠረግ ሲባል ነዋሪዎቹ ነገሩ ቶሎ ገባቸው፣ ከጸዳ በኋላ ቦታው ይወደዳል እኛም እንወጣለን አሉ። ስለዚህ ጽዳቱን አልተቃወሙም፣ ቅደም ተከተሉን ነው የቀየሩት። በ2004 በወጣ ህግ መሬቱ በነዋሪዎች የጋራ የመሬት አደራ ስር እንዲሆን ተደረገ፣ ቤቱ የሰውየው ነው፣ መሬቱ ግን የጋራ ስለሆነ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ተቸርችሮ አያልቅም። ቁፋሮው ራሱ ብዙ ዓመት ተጓተተ፣ ይሄም መታወቅ አለበት። ቢሆንም ሰዎቹ ጽዳቱ ሲመጣ እዛው ሆነው እንዲጠብቁት የሚያደርግ ዋስትና ቀድሞ ተተከለ።

ሌላው መንገድ የተለያየ ብሄር ሰው ተቀላቅሎ እንዲኖር በህግ ማስገደድ ነው። ሲንጋፖር ከ1989 ጀምሮ በመንግስት ቤቶች ውስጥ በየህንጻውና በየሰፈሩ ለእያንዳንዱ ብሄር ጣሪያ አስቀምጣለች፣ አንድ ብሄር ብቻውን አንድ ሰፈር እንዳይሞላ። ሰፈሮቹ እንዳይለያዩ አድርጓል ግን ዋጋ አለው፣ ጣሪያው በሞላበት ህንጻ ቤቱን የሚሸጥ የአናሳ ብሄር ሰው ገዢው ስለሚጠብበት ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ ወይም ቀንሶ ሊሸጥ ይችላል። ሰውንም እንደገና በምድብ ማሰር ነው፣ ከላይ ያስጠነቀቅኩሽ ነገር። መሰረተ ልማትን ወደተገለለው ሰፈር መውሰድም አለ፣ የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን በ2004 ኮረብታው ላይ ላሉት ድሃ ሰፈሮች የኬብል መኪና ዘርግታ ከሜትሮው ጋር አገናኘች፣ ሰው ስራው ጋ የሚደርስበት ጊዜ አጠረ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ገቢ ግን በኬብል አይመጣም። ለዚህ ነው ከሶስቱ የመጀመሪያውን ላንቺ የመረጥኩት፣ ያንቺ ፕሮጀክት ዋና አደጋ የቦታ ዋጋ ስለሆነ።

ፕላን የማይችለውንም ጻፊ፣ ይሄ ረቂቁን ያጠነክረዋል እንጂ አያደክመውም። ደሞዝ፣ ግብር፣ ውርስ፣ የፍርድ ቤት አሰራር በወንዝ ዳር ፓርክ አይስተካከሉም፣ «ፕሮጀክቱ ኢ-እኩልነትን ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፕላን የሚችለው ማን የት መኖርና መቆየት እንደሚችል፣ ምን ያህል ጊዜ መንገድ ላይ እንደሚያጠፋ፣ የመሬት ዋጋ ሲጨምር ጭማሪው ለማን እንደሚሄድ እና ውሳኔው ላይ ማን እንደሚቀመጥ መንካት ነው። ትንሽ አይደለም። ስራ ስትይዢ ደሞ የሚከፍልሽ አካል አንዳንዱን ጥያቄ እንድትጠይቂ አይፈልግም፣ ስቱዲዮ ላይ ማንም አልከለከለሽምና አሁን ልመጂው።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ፣ ከነጥብም በላይ ነው። ወረቀት የሌላቸው ቤቶችን፣ ያለ ፈቃድ የሚነግዱ ሰዎችን፣ አናሳ ቡድኖችን ቤት በቤት ካርታ ላይ አታስቀምጪ። የተማሪ ካርታ ነው ማን ያየዋል እንዳትይ፣ ለመርዳት የተሰራ ቆጠራ ለማፈናቀያ ሲውል ታይቷል፣ ጥቂት ቤት ባለበት ብሎክ ላይ ስም ብታጠፊም ሰውየው ይታወቃል። ሰብሰብ አድርገሽ በሰፈር ደረጃ አሳዪ፣ ዝርዝሩ ካስፈለገ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ቆጥረው ራሳቸው ይዘውት አንቺ ማጠቃለያውን ብቻ ውሰጂ።

አሁን ምን ልጻፍ ላልሽው። ስለ ኢ-እኩልነት አጠቃላይ ምዕራፍ አትጨምሪ፣ መምህርሽ እሱን አልጠየቀም፣ ሀያ ገጽ ቲዮሪ ጽፈሽ ከኋላው የድሮውን ንድፍ ብታስከትዪ ያው ነው። ከፕሮጀክቱ አንድ ውሳኔ ያዢና እስከ መጨረሻው ተከተዪው። እኔ ብሆን የፓርኩን ወሰን መስመር ነው የምይዘው። መስመሩ እዚህ ይለፍ ያለው ማነው፣ ከስብሰባው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በመስመሩ ምክንያት የማን ቦታ ዋጋ ይጨምራል? ጉዳቱ፣ ኪራይ ይሁን የስራ ቦታ ማጣት ይሁን ተጨማሪ የጉዞ ሰዓት፣ ማን ላይ ያርፋል? ደሞ ይሄን መስመር ማስቆም ይችል የነበረ ሰው ማነው፣ ለምንስ አላስቆመም? ለአራቱም መልስ ስትፈልጊ ተከራይን ከባለቤት፣ ብቻዋን የምታሳድግን ከባልና ሚስት፣ ነጋዴውን ከነዋሪው ለይተሽ እይ፣ ምድቡ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ውጤቱ በሚለያይበት ቦታ። ለማስመሰል ሁሉንም ምድብ አታስገቢ፣ ልዩነት ካላመጣ ተዪው።

ለተከራዮችና ለነጋዴዎች ደሞ ለየብቻ፣ ባለቤት በሌለበት፣ ለነሱ በሚመች ሰዓት ትንንሽ ውይይት አድርጊ፣ የሚሉሽ ከስብሰባው ድምጽ የተለየ ከሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጪ እንጂ አማካይ አታውጪለት። ንድፉ ላይ የምትቀይሪው ዋናው ነገር ግን የስራ ደረጃዎቹን ቅደም ተከተል ነው። ፓርኩ ሁለተኛ ይሁን። የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ዋስትናው ነው፣ የጋራ የመሬት አደራ ይሁን፣ የኪራይ ገደብ ይሁን፣ ከዋጋ ጭማሪው ላይ ለተከራይ ቤት መስሪያ የሚቆረጥ ድርሻ ይሁን፣ የሀገሩ ህግ የሚፈቅደውን ምረጪ፣ እሱ ሳይፈጸም የወንዙ ቁፋሮ አይጀመርም ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ይዘገያል፣ ወጪም ይጨምራል፣ ይሄንንም አትደብቂው። «ለሁሉም እኩል ክፍት ነው» የሚለውን አረፍተ ነገር ሰርዢና በቦታው ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ማን ምን እንደሚያጣ፣ የሚያጣውስ በምን እንደሚካስ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ አስገቢ፣ ከወሰን መስመሩ ካርታ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አድርገሽው።